የጀርባው ሊፍት

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ሊፍት ላይ ነው የምሠራው» እል ነበር። ያገሬ ሰው ታዲያ አሳንሰር ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ «የትኛው ሕንፃ ነው ልጄ? የኛም አፓርትመንት አሳንሰር ሁሌ እንደተበላሸ ነው፤ መጥተሽ ብታዪልን» አሉኝ።

«እማማ፣ የኔው ተራራ ላይ ነው» አልኳቸው።

«ተራራ ላይ ደግሞ የምን አሳንሰር?» ብለው ሳቁ። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን ከሥር ተቀብሎ፣ በብረት ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ የሚያወጣ ማሽን መሆኑን አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ከወጡ በኋላስ?» አሉ።

«ተንሸራተው ይወርዳሉ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ይወጣሉ።»

«እና ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉሻል?»

ይከፍሉኝ ነበር፤ ብዙም ባይሆን። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በኔ ቦታ ሰው አልተቀጠረም፤ ማሽኖቹ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ንዝረታቸውንና ሙቀታቸውን ወደ ኮምፒውተር ይልካል፣ ኮምፒውተሩም የትኛው ሊፍት መቼ መታደስ እንዳለበት ይናገራል። ጥሩ ነው፤ አልተከፋሁም። ግን ያ ሥራ በሰው እጅ በነበረበት ዘመን እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ እየቀነሰ ስለሄደ፣ እኔ ያየሁትን ላውራ።

ተወልጄ ያደግሁት ወሎ ነው። እዚያ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ክፍል ቴክኒሻን ነበርኩ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሊገባ ሲል ከባለቤቴ ከይማም ጋር መጥተን አሌክሳንድሪያ ተቀመጥን፤ ልጃችን ሱመያ የተወለደችው እዚሁ ነው። ይማም ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ከሠራሁ በኋላ፣ አብራኝ የምትሠራ የጋና ተወላጅ አንድ ቢሮ የጥገና ሪፖርት በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ስለ ማሽን የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል ብለዋል አለችኝ። አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ።

ቢሮው እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ነበር። ተራራው ግን ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያስነዳል። የድርጅቱ ባለቤት ካሮል ተራራውን ከአባቷ የወረሰች፣ በኔ ዕድሜ ያለች፣ ችኩልና ቀና ሴት ነበረች። ተራራው ላይ ሦስት ሊፍቶች ነበሩን። ፊት ለፊት ከመኪና ማቆሚያው የሚነሣው ዋናው፤ ከግርጌው ያለው አጭሩ የጀማሪዎች፤ ሦስተኛው ደግሞ ከተራራው ጀርባ ያለው፣ ጎበዝ ተንሸራታቾች ብቻ የሚሄዱበት። «የጀርባው» እንለዋለን።

ሪፖርቱን ከተራራው የሚልኩልኝ የሊፍቶቹ ጥገና ኃላፊ ሚስተር ዋልተር ነበሩ። ያኔ ስልሳን አልፈዋል። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ከማለት ሌላ አልሆነልኝም፣ አሁንም እንደዚያው ልጥራቸው። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ከላኩት ውስጥ «የጀርባው ትንሽ ያንጎራጉራል» የሚል አየሁ። ይህን በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንደምሞላው ግራ ስለገባኝ ደወልኩላቸው።

«ማንጎራጎር ማለት ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» አልኳቸው።

«ነይና ስሚው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሄድኩ። የለበስኩት ይማም ከሰው የለመነልኝን ካፖርት ነበር፤ ጫማዬ ግን የቢሮ ነው። ሚስተር ዋልተር እግሬን አይተው ከመጋዘን አንድ ጥንድ ቦቲ አመጡልኝና ወደ ሞተር ቤቱ ወሰዱኝ። ከኪሳቸው ረጅም ካቻቪቴ አወጡ። ጫፉን ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር አደረጉት። ፋብሪካ ሳለሁ አለቃችን እንዲሁ ያደርግ ስለነበር አዲስ አልሆነብኝም።

«ግራሶ ጎድሎታል እንጂ አልተበላም» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «ማን ነው ሪፖርት እንድትጽፊ ብቻ የቀጠረሽ?»

ከዚያን ቀን በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ተራራው ላይ እንድውል ካሮልን እሳቸው ለመኑልኝ።

ብዙ ነገር የተማርኩት ሲናገሩ ሰምቼ ሳይሆን ሲሠሩ አይቼ ነው። ጠዋት ተራራው ሳይከፈት በፊት ሦስቱንም ሊፍቶች ይዞራሉ። ሞተር ቤት ሲገቡ ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን የሞተሩን ጉልበት ለገመዱ የሚያስተላልፈው ካምቢዮ ላይ ያሳርፋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። ሙቀቱንና ንዝረቱን ነው የሚለኩት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው እስከ ጫፍ ይሄዳሉ፤ በየምሰሶው ሲያልፉ ገመዱን የተሸከሙትን መዘውሮች ቀና ብለው ያያሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ዘግይቶ ከዞረ ያን ምሰሶ ልብ ይላሉ። ቀትር ላይ ደግሞ ባልዲ ገልብጠው ሰው ወንበር ላይ የሚወጣበት ቦታ አጠገብ ተቀምጠው ሳንድዊቻቸውን ይበላሉ። «ማሽኑን ጠዋት እይው፣ ሰዉን ቀትር ላይ» ይሉኝ ነበር። ማን ፈራ፣ ማን ወደቀ፣ የወንበሩ ጠርዝ የማንን ጉልበት መታ፣ ሁሉንም ያያሉ። ስለ አንድም ሊፍት «ጥሩ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «ዛሬ ደህና ነው» ነው የሚሉት።

ሞተር ቤቱ ሙቅ ስለነበር ዙሁር የምሰግደው እዚያ ነበር። ያን ያወቁ ሰሞን ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ዘይት ጠርገው ንጹሕ ካርቶን አነጠፉልኝ። ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ ካርቶኑ ሲረጥብ ግን ይቀየራል።

ከዓመታት በኋላ ካሮል ከባንክ ብድር አገኘች። ብድሩ አንድ ሊፍት ብቻ ነው የሚቀይረው። የትኛው ይሁን የሚለውን አጥንቼ እንዳቀርብ ለኔ ሰጠችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ኃላፊነት ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስታዬን ለይማም ስነግረው፣ «እንግዲህ ዘይኑ፣ ተራራ አዛዥ ሆንሽ» አለኝ።

አንድ ሙሉ ዊንተር አጠናሁ። ዋናው ሊፍት ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰለፈው ሰው እስከ መኪና ማቆሚያው ይደርሳል፤ ተሰልፈው የሚመረሩ፣ ሁለተኛ አንመጣም የሚሉ ብዙ ናቸው። የጀማሪዎቹ ያረጀ ቢሆንም አጭርና ዝቅ ያለ ነው፤ ቢቆም በመሰላልም ሰው ይወርድበታል። የጀርባው ከሁሉም ያረጀው ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁሉም ነገር ወደ ዋናው ያመለክታል። ካሮል ስብሰባው ላይ ሚስተር ዋልተርን ጠየቀቻቸው።

«ዋናውን ብንቀይር የጀርባው እስከሚቀጥለው ብድር ይቆያል?»

«የጀርባውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ካባትሽ ጋር ነው የተከልኩት። ሁለት ዊንተር ይሸከማል። ከዚያ በኋላ ተራው የሱ ይሁን።»

እኔም ሰምቼው ነበር፣ በካቻቪቴ። ምንም የሚያሳስብ ድምፅ አልነበረውም። ዋናው ተቀየረ፤ አራት ሰው የሚያስቀምጥ ፈጣን ሊፍት ተተከለ። ሰልፉ ቀለለ፣ ካሮል ደስ አላት፣ ለኔም ማዕረግና ትንሽ ጭማሪ መጣ።

በቀጣዩ ዊንተር አንድ የየካቲት እሑድ ቤት ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ሱመያ ናት። ያኔ ሃይስኩል ነበረች፤ የሠራተኛ ቤተሰብ በነፃ ስለሚገባ ከጓደኛዋ ከኤሚ ጋር ተራራው ላይ ነበሩ። ከልጅነቷ ስለተማረች የጀርባውን አትፈራም።

«ማሚ፣ ሊፍቱ ስታክ አድርጓል።»

«ይነሣል፣ ትንሽ ጠብቁ።»

«ኖ፣ ማሚ። ትልቅ ነገር ሲሰበር ሰማን። ላውድ ነበር። ከዚያ ወንበሩ ወደ ኋላ ሸርተት አለና ቆመ።»

ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ መቆሙን ስትነግረኝ ገባኝ። የካምቢዮው ዘንግ ተሰብሯል፤ የያዛቸው የመጨረሻው ፍሬን ነው። መጠባበቂያ ሞተሩም ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በዚያው ካምቢዮ ስለሆነ አይረዳም። ሰዉ አንድ በአንድ በገመድ ከመውረድ በቀር መንገድ የለም።

«ከታችሽ ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«ድንጋይ። ብዙ ድንጋይ። ውኃም አለ።»

ገደሉ ላይ ናቸው። የጀርባው መስመር መሐል ላይ ምሰሶ የማይቆምበት ሸለቆ አለ፤ ወንበሮቹ ከመሬት በጣም ርቀው የሚያልፉት እዚያ ላይ ነው። ከሥሩ የበረዶ ሞተርሳይክል አይገባም። እኔ ያን ገደል ከወንበር ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ለምን እንደማያስፈራኝ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ይማም ታክሲውን አስነሣ። መንገድ ላይ ሁለታችንም የምናውቀውን የቁርኣን ምዕራፍ ሁሉ ቀራን። ሱመያ ባትሪዋን እየቆጠበች አልፎ አልፎ ትጽፍልናለች። «ነፋስ አለ።» «ኤሚ እያለቀሰች ነው።» «ሚስተር ዋልተር ከወንበራችን ሥር ናቸው።» በኋላ እንደነገረችኝ ሚስተር ዋልተር ድንጋይ ለድንጋይ እየተንጠላጠሉ ወደ ገደሉ ወርደው፣ በየወንበሩ ሥር እየቆሙ የሁሉንም ስም ይጠይቁ ነበር። «ሱመያ፣ ከፊትሽ ሦስት ወንበር አለ፤ ከነሱ ቀጥሎ አንቺ ነሽ» ብለው ይጮኹላታል። ተራው ሲዘገይ ተመልሰው መጥተው እንደገና ይነግሯታል። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ገመዳቸውን በብረቱ ካቦ ላይ ወርውረው፣ ትንሽ መቀመጫ አስረው፣ አንድ አንድ ሰው ነው የሚያወርዱት። እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ስንደርስ ጨልሟል። ሱመያ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ካፌው ውስጥ ተቀምጣለች። ይማም አቅፏት አልለቃት አለ። ማንም አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። ግን አንዲት ሴት ስትወርድ ድንጋዩ ላይ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ኤሚ ደግሞ በብርዱ የሁለት ጣቶቿን ጫፍ አጣች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ፒያኖ ትጫወታለች።

ሚስተር ዋልተርን ሞተር ቤት አገኘኋቸው። የካምቢዮው ክዳን ተከፍቷል። ዘንጉ እንደ ሸንበቆ ተቀንጥሷል። ስብራቱ ላይ አብዛኛው ክፍል የጠቆረ ነበር፤ ስንጥቁ ከውስጥ ለብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ያደገ ነው ማለት ነው። አዲስ ስብራት ሆኖ የሚያበራው ጠርዙ ላይ ያለ ቀጭን ነገር ብቻ ነው።

«ዓርብ እጄን አሳርፌበት ነበር» አሉኝ፤ ወደኔ ሳይዞሩ። «ደህና ነበር።»

እውነትም ደህና ነበር። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመዳፍም በካቻቪቴም አይታወቅም፤ ብረቱን ዘልቆ የሚያይ መሣሪያ ይጠይቃል። እሱን በየሁለት ዓመቱ በኪራይ ነበር የምናስመጣው፤ የዚያን ዓመት ተራው አልደረሰም። ሕጉ የሚለውን ሁሉ አድርገን ነበር፤ መርማሪዎቹም ያሉት ያንኑ ነው። ሚስተር ዋልተር ግን በረዶው ሲቀልጥ ሥራቸውን ለቀቁ። የሽኝት ምሳ ይደረግ ቢባሉ አይሆንም አሉ።

የሳቸው ኃላፊነት ለኔ ሆነ። ደስ አላለኝም። የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ከሳቸው ነው፤ የሳቸው እጅ ካላወቀ የኔ እጅ ምን ሊያውቅ ነው እያልኩ ለወራት ሞተር ቤት ስገባ እጨነቅ ነበር። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ይህንኑ ለሱመያ ነገርኳት። ስልኳን እያየች የምትሰማኝ አልመሰለኝም።

«ማሚ፣ ለምን ዋናውን ቀየራችሁ?» አለችኝ።

«ሰልፉ ረጅም ስለነበረ።»

«ኦኬ፣ ባት ማንም ሰው ላይን ላይ ቆሞ ሃርት አይሆንም።»

ይህን ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ግን የዚያን ቀን መታጠፊያዬን አልፌ ሄድኩ። እውነቷን ነው፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚጎዳ ሰው የለም። ጥናቴ ሁሉ የተጀመረው ስንት ሰው ይጠብቃል ከሚለው ነበር። መጀመር የነበረበት ግን፣ ይህ ሊፍት ዛሬ ቢቆም ሰዉን እንዴት እናወርዳለን ከሚለው ነው። ማሽን የሚሰበርበትን ቀን ማንም እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም፤ የሚሰበርበትን ቦታ ግን ሄዶ ማየት ይቻላል።

ስለዚህ የሦስቱንም ሊፍቶች መስመር ከሥር በእግሬ ሄድኩት። መጀመሪያ በረዶ እያለ ከነፍስ አድን ሠራተኞቹ ጋር፤ ኋላም በሰመር ብቻዬን። የዋናው ሊፍት ሥር ሁሉ ሜዳ ነው፤ ከየትኛውም ወንበር ሰው ማውረድ ይቻላል። የጀማሪዎቹ ጋ ሌላ ነገር አየሁ። ከሀያትስቪልና ከግሪንቤልት በአውቶቡስ የሚመጡ ተማሪዎች፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው የሆነ እናቶችና አባቶች፣ ሁሉም የሚጀምሩት እዚያ ነው። ገመዱ ዝቅ ቢልም መቀመጫው ለጀማሪ ከፍ ያለ፣ አመጣጡም ፈጣን ስለሆነ ሊወጡበት ሲሉ ይወድቃሉ፤ ኦፕሬተሩ ያቆመዋል፤ ሲያቆመው ከላይ ያሉት ይወዛወዛሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ትንንሽ ስለሆነ ማንም ቁም ነገር ብሎ አላየውም።

የጀርባው ገደል ውስጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። አዲስ ካምቢዮ፣ አዲስ ሞተር፣ አዲስ ገመድ ብናስገባ፣ ከሥሩ ያለው ገደል ያው ገደል ነው።

ሁለተኛው ብድር ሲደርስ አሌክሳንድሪያ ቢሮ ገብቼ ለካሮል ነገርኳት። «የጀማሪዎቹ ይቀየር። የጀርባው አይታደስ፣ ይፍረስ።»

«የተራራውን ግማሽ ዝጊው ነው የምትዪኝ? አባቴ ይወደው የነበረውን ግማሽ? የኛ ምርጥ ደንበኞች የሚመጡት ለዚያ ነው።»

«አውቃለሁ። ልጄም ለዚያ ነበር የምትሄደው።»

«አዲስ ብንተክልስ? አዲስ እኮ አይሰበርም።»

«ዛሬ አይሰበርም» አልኳት።

ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ዋልተርን ጠይቂያቸው። እሳቸው ይፍረስ ካሉ እኔም እሺ እላለሁ።»

ሚስተር ዋልተር ከተራራው ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሳያቸው ከስተዋል። ገና ሳልቀመጥ የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልቻልኩም። እሳቸው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሰሙኝ።

«የመጀመሪያውን ምሰሶ ኮንክሪት የሞላሁት በነዚህ እጆቼ ነው» አሉ። «ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«መስመሩን በእግርሽ ሄደሽዋል?»

«ሄጃለሁ።»

«በበረዶ?»

«በበረዶም፣ ያለ በረዶም።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ካሮል ጠይቂያቸው ብላኝ ነው» አልኩ፤ ቀጥዬም እውነቱን ነገርኳቸው። «እኔም ሳልጠይቅዎት ላፈርሰው አልሆነልኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፍርሱት» አሉ። «ገመዱ የሚቆረጥ ዕለት ግን ንገሪኝ።»

የጀማሪዎቹን አዲሱን ሊፍት በዚያው ዓመት ተከልን። ሰው ሲቀመጥ የሚዘገይ፣ ወንበሩ ለሕፃን እግር የሚበቃ ነው። እኔ ባልዲዬን ገልብጬ ብዙ ቀትር አጠገቡ ተቀምጫለሁ። የሚወድቅ አልጠፋም፤ ማቆሙ ግን ብርቅ ሆነ። ከምርጥ ደንበኞቻችን የተወሰኑት ተቆጥተው ወደ ሌላ ተራራ ሄዱ፤ ካሮል ሁለት ከባድ ዓመት አሳለፈች። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ውሳኔው ዋጋ ነበረው፣ ዋጋውንም የከፈለችው እሷ ናት።

የጀርባው የፈረሰው በሰመር ነው። ወንበሮቹን አውርደናል፣ የገመዱን ውጥረት አላልተናል፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን አስረነዋል። ሚስተር ዋልተር የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ካሮልም ከአሌክሳንድሪያ መጥታ ነበር። ግራይንደሩን የያዘው ሠራተኛ ሊጀምር ሲል ሚስተር ዋልተር እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጁ እኔን አየ፣ ስጠው አልኩት።

መሣሪያውን አስነሥተው ገመዱ ላይ አሳረፉት። ገመዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች አንድ በአንድ እየጮኹ ተበጠሱ። የመጨረሻው ሲበጠስ ካቦው ከምሰሶ ምሰሶ እየተንሸራተተ፣ ቅጠሉን እየመታ፣ እስከ ገደሉ ድረስ መሬት ላይ ሲተኛ ሰማነው። ከዚያ ጸጥ አለ። ካሮል እያለቀሰች ነበር።

ሚስተር ዋልተር መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ላይ፣ ገመዱ ወደነበረበት ባዶ ሰማይ ተመለከቱ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ከአሁን በኋላ እዚያ ላይ ማንም ተንጠልጥሎ አይቀርም።»